የፈረሰ ከተማ ልንሠራ ነውና አግዙን

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። የምንሠራው ከተማ ገና ከጅምሩ የፈረሰ ነው። ጣሪያው የወረደ፣ መስኮቱ የረገፈ፣ ግድግዳው በመድፍ የተበሳ። ደግነቱ ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ከተማ ነው።

የሚኒያቸር ጦርነት የምትጫወቱ ለምን እንደሚያስፈልገን ታውቃላችሁ። ለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ። የጣት ቁመት እንኳ የማይሞሉ ወታደሮች በሜትር እየተለካ ይንቀሳቀሳሉ፤ ዳይስ እየተጣለ ይታኮሳሉ። ማን ማንን ያያል የሚለው ጥያቄ ሁሉን ይወስናል። ጠረጴዛው ባዶ ሜዳ ከሆነ፣ ሩቅ የሚተኩስ መሣሪያ የያዘው ሰው ገና በሁለተኛው ዙር ጨዋታውን ይጨርሰዋል። ሌላው ወታደሮቹን ወደ ሳጥን ሲመልስ ይውላል። ይሄ ደግሞ ጨዋታ አይባልም።

መሐሉ ላይ ጥቂት የፈራረሱ ፎቆች ሲቆሙ ነገሩ ይገለበጣል። ግድግዳ ተከልሎ መጠጋት አለ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተኳሽ ማስቀመጥ፣ ጠባብ መንገድ ላይ ታንክ ማጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1942 ስታሊንግራድ ላይ የታየውም ይኸው ነው። የጀርመን አውሮፕላኖች ያፈረሱት ከተማ ለተከላካዮቹ ምሽግ ሆነላቸው፤ ታንኮቹ ግን ፍርስራሹ መሐል መፈናፈኛ አጡ።

እኛ እስካሁን መጽሐፍ ደርድረን "ይሄ ፎቅ ነው" እያልን ነው የምንጫወተው። ከእንግዲህ ይበቃናል። የምናስበው 180 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ የሚሞላ አንድ ሰፈር ነው። የማንም የግል ንብረት አይሆንም። አዲስ ጀማሪም ሆነ የቆየ ተጫዋች ተውሶ ይጫወትበታል።

ሥራው ከሚመስለው በላይ ጣጣ አለው። የፈረሰ ቤት ማለት ዝም ብሎ የተቀደደ ግድግዳ አይደለም። ቤት ሲፈርስ ብዙ ጊዜ ቆሞ የሚቀረው ማዕዘኑ ነው፤ ሁለት ግድግዳዎች ተደጋግፈው ስለሚይዙት። ስለዚህ አብዛኞቹን ሕንፃዎች በማዕዘን ቅርጽ እንሠራቸዋለን። በክፍቱ በኩል እጅ ስለሚገባም ለጨዋታ ይመቻል። የእያንዳንዱን ፎቅ ከፍታ ሰባት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያደረግነውም ለዚሁ ለእጅ ብለን ነው። ጡብ ሲፈርስ በሲሚንቶው መጋጠሚያ በኩል ስለሚለቅ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። አርማታ ግን እንዲሁ ተሰባብሮ የተጣመመ ፌሮ ያወጣል። ቀጭን ሽቦ የምንለምናችሁ ለዚህ ነው።

ግድግዳው የሚሠራው ከጠጣር ፎም ነው። ጡቦቹን በደነዘ እርሳስ ተጭነን እንስላቸዋለን። ልኩን እንጠብቅ ካልን የአንዱ ጡብ ከፍታ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ዓይናችንን ስለምንፈልገው ትንሽ አተለቅነው። ከዚያ የተጨማደደ አሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለን እናንከባልልበታለን፤ ወዲያው የድንጋይ ሸካራነት ይይዛል። የመጀመሪያው ቀለም ጥቁር አክሪሊክ ከኮላ ጋር ተቀላቅሎ በብሩሽ ይቀባል። ስፕሬይ በቀጥታ ከተነፋበት ግን ፎሙን ይበላዋል። በመጨረሻ ደረቅ ብሩሽ በግራጫ ቀለም ነካ ነካ ሲደረግበት የእያንዳንዱ ጡብ ጠርዝ ብቅ ይላል። ይህን አንዴ ያየ ሰው ብሩሹን በቀላሉ አይመልስም።

ፍርስራሹን በተመለከተ አቋም አለን። በየቦታው ድንጋይ መለጠፍ ለፎቶ ያምራል፣ ለጨዋታ ግን ጠንቅ ነው፤ ወታደር ማቆሚያ ያጣል። እኛ ፍርስራሹን ግድግዳው ሥር ብቻ እንከምራለን። ወለሉ ለጥ ያለ ይሆናል።

እንግዲህ ከናንተ የምንፈልገው በአብዛኛው ልትጥሉት ያሰባችሁትን ነው። ከእቃ ማሸጊያ የተረፈ ወፍራም ካርቶን፣ የፎም ቁራጭ፣ የመስኮት ወንፊት፣ ቀጫጭን እንጨት፣ የታጠበና የደረቀ አሸዋ። ሚኒያቸር ገጣጥማችሁ የተረፈው የፕላስቲክ ፍሬምም እንዳይጣል፤ ሲቆራረጥ ቆንጆ የብረት ምሰሶ ይወጣዋል። ነጩ፣ ፍሬ ፍሬ እየሆነ የሚረግፈው ፎም ግን ይቅርብን። እርጥብ ካርቶንም እንደዚያው፣ ሻግቶ ሌላውን ያበላሽብናል።

ገንዘብ የምንጠይቀው በስጦታ እምብዛም ለማይገኙት ነገሮች ብቻ ነው። ቀለም፣ ኮላ፣ የከተር ምላጭ፣ ለሕንፃዎቹ መቆሚያ የሚሆን ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሰሌዳ)፣ እና ክዳን ያለው ማስቀመጫ ሳጥን። ሳጥኑን አትናቁት። የፎም ግድግዳ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ጨዋታ ላይ ሳይሆን ሲጓጓዝ ነው። የእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ ለሁሉም ይታያል። የሚተርፍ ካለ ለቀጣዩ ሰፈር ይቀመጣል፤ ድልድይ ያማራቸው ሰዎች ከወዲሁ እየወተወቱን ነው።

የምትሰጡት ነገር ከሌላችሁ ሰዓታችሁን ስጡን። መቁረጥ የማይሆንላችሁ ቀለም ትቀባላችሁ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ ብሩሽ አይጠፋም። ከተርና ፎም መቁረጫው የጋለ ሽቦ ግን የአዋቂዎች ሥራ ነው። ሽቦው ፎሙን ሲያቀልጥ የሚወጣው ጭስ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ መስኮት ከፍተን ነው የምንሠራው።

እቃ ከማምጣታችሁ በፊት ምንና ምን ያህል እንደሆነ ለአስተባባሪዎቹ አንድ መልእክት ላኩ። ማስቀመጫችን ጠባብ ነው። መጀመሪያ የሚፈለገው ፎምና ኤምዲኤፍ ስለሆነ እሱ ያላችሁ ቅደሙ፤ አሸዋው ይደርሳል።