ረቡዕ ስልክ የማላነሳው ለዚህ ነው

ኮቨንትሪ፣ እንግሊዝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ አባዬ? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እሁድ በስልክ የጠየቅከኝን ተቻኩዬ አድበስብሼ አለፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሲከነክነኝ ሰነበተ። «ተማሪ ነህ ሠራተኛ? ማን ነው የሚከፍልልህ? በምን ውል ያዙህ?» ነበር ያልከኝ።

ሁለቱንም ነኝ። እዚህ አገር በፈረንጆች 2015 የተጀመረ ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ የሚባል ነገር አለ። አራት ቀን ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ረቡዕ ዩኒቨርሲቲ እውላለሁ። የረቡዕ ደሞዜ አይቆረጥም። ሌላው የአገሩ ተማሪ በዓመት ከ9,000 ፓውንድ በላይ ይከፍላል፣ አብዛኛው በብድር። እኔን ግን ክፍያ መጠየቅ ደንቡ አይፈቅድም። የዓመት የደሞዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያልፍ ድርጅት 0.5 በመቶ ለስልጠና ያዋጣል፤ የእኔም ትምህርት የሚከፈለው ከዚያ ነው። እና አባዬ፣ የሚያስፈራ ውል አልፈረምኩም።

የምልክላችሁ ብር የቀነሰው ግን ለዚህ ነው። መጋዘን ሌሊት ስሠራ የተሻለ አገኝ ነበር። ለእማዬ ንገራት፤ ልጄ ችግር ደረሰበት ብላ እንዳትጨነቅ።

ችግሩ ሌላ ነው፤ ጊዜ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳለሁ። ከሥራ ስመለስ ራት እበላና ደብተር እከፍታለሁ። ክረምታቸው ላይ ቀና ስል በእናንተ ሌሊት 7 ሰዓት ሆኗል፤ ማንን ልቀስቅስ? በዚህ ላይ በሳምንቱ የተማርኩትን በሰዓት ቆጥሬ፣ ከነማስረጃው መመዝገብ አለብኝ።

አንደኛ ዓመት ላይ ሒሳብ ወድቄ ነበር። አልነገርኳችሁም፣ ይቅርታ። አለቃዬ አስቸኳይ ሥራ አለ ሲለኝ ረቡዕም እገባ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ረቡዕ አለፈኝ። ታላቅን እምቢ ማለት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፤ አፌን ያዘኝ። በመጨረሻ ሥራ የሚያሳየኝ ሽማግሌ ጎትቶ ቢሮ አስገባኝና «ረቡዕ የዚህ ልጅ ነው» አለልኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ነክቶብኝ አያውቅም። ፈተናውንም ደግሜ አለፍኩ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ኮምቦልቻ ያንን በየጊዜው የሚሰበር የወፍጮ ዘንግ ያመጡልህን ታስታውሳለህ? እኔ መብራት ይዤልህ ብረት በምትቀርጽበት ማሽን፣ በቶርኖው አጠገብ ቆሜ ነበር። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ የሚወርድበት ጥግ ላይ ነበር ሁልጊዜ የሚሰበረው። አንተ አዲሱን ስትሠራ ጥጉን ስለት አላደረግከውም፤ የቶርኖውን ቢላዋ ሞርደህ ጥጉን አድበለበልከው። «ብረት ጥግ አይወድም» አልከኝ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ባለፈው ረቡዕ መምህሩ ልክ ያንኑ ዘንግ ሰሌዳው ላይ ሣለው። ስትረስ ኮንሰንትሬሽን ይሉታል። ኃይሉ ስለታሙ ጥግ ላይ ይከማቻል፤ ዘንጉ በዞረ ቁጥር ስንጥቋ ትንሽ ትንሽ ትገፋለች፤ አንድ ቀን ቀጭ ይላል። ጥጉ ከተድበለበለ ግን ኃይሉ ይበተናል። የጥጉን ራዲየስ ለቀጭኑ ዲያሜትር አካፍለህ፣ ጫናው በስንት እጥፍ እንደሚጨምር የምታነብበት ግራፍ አለው። ግራፉን እያየሁ የግራሶው ሽታ መጣብኝ። እንባዬም መጣ። የተማርኩት ካንተ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሐሙስ ፋብሪካ ስገባ የያዝኩትን ዘንግ ሌላ ዓይን ይዤ አየሁት። ሥራውና ትምህርቱ እንዲህ ሲገናኙልኝ ድካሙን እረሳዋለሁ።

ገና ሁለት ዓመት ተኩል ይቀረኛል። እስከዚያ የምደውለው እሁድ፣ ከቤተክርስቲያን ስትመለሱ ነው። ረቡዕ ሳላነሳ ብቀር አትደንግጡ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የዚያ ዘንግ ስባሪ ከሞርሳው ጠረጴዛ ሥር ነበር። ካልጣልከው የወፍራሙንና የቀጭኑን ዲያሜትር በካሊፐር ለካልኝ። አንተ ጥጉን ስንት ሚሊሜትር እንዳደበለበልከውም ጻፍልኝ። ለክፍል ሥራዬ በግራፉ ላሰላው ነው፤ የሠራው ማን እንደሆነም እጽፋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

ልጅህ