90 ሜትር ከመሬት በታች

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ልጄን ልጠይቅ ዌልስ በሄድኩበት ወቅት ብሌናቮን ያለውን ቢግ ፒት የተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ አየሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ1980 ተዘግቶ በ1983 ለጎብኚ ተከፍቷል። ብልጭታ ጋዝ እንዳያቀጣጥል ሰዓትና ስልካችንን ተቀብለው፣ ባለ መብራት ቆብ አስደፍተው 90 ሜትር አወረዱን። ያስጎበኙን አዛውንት እዚያው ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው። መብራቱን ሲያስጠፉን የገዛ እጄን ማየት አቃተኝ። የጋሪ ፈረሶቹ ጋጣ ዛሬም አለ፤ ከየጋጣው በላይ ስማቸው ተጽፏል። ይኼ ሆዴን አባባው።

እኛስ? ስንቱ የደጀን ሰው አባይ በረሃ ወርዶ ጀሶና የኖራ ድንጋይ ሲፈልጥ ኖሯል። ድጅኖና መዶሻቸውን ቆራሌው ሳይወስደው፣ ባለቤቶቹም በሕይወት ሳሉ፣ ከተማችን አንድ ክፍል ትስጣቸው። ስማቸውን በእጄ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

ጡረተኛ መምህር፣ ከደጀን