ለመቶ ሜትርም ቦታ ስጡት

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ሩጫ ስትጽፉ ሁሌ ረጅም ርቀት ነው። እኔ ደሴ ላይ ልጆች አሠለጥናለሁ። አጭር ርቀት የሚወዱ ሞልተዋል።

ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ መቶ ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ጨረሰ። ምስጢሩ እግር ቶሎ ቶሎ ማወራጨት ብቻ አይደለም። በሙሉ ፍጥነት ላይ እግር መሬት የሚነካው 0.1 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት መሬቱን በኃይል መምታት ያስፈልጋል። የሰው ፍጥነት ገደብም ያለው እዚያች ላይ ይመስለኛል።

ትናንት አንዷ ልጅ የመሮጫ ሜዳችን ጭቃ ላይ ተንሸራትታ ጉልበቷ ተላጠ። ጭቃ ተመትቶ እንዴት ይፈጠናል? ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ስስ አየሯ ሯጭን ብዙ አይገታም፤ ለአጭር ርቀት እኮ ይመቻል። አሜሪካዊው ጂም ሃይንስ እ.ኤ.አ. በ1968 የ9.95 ሰከንድ የመቶ ሜትር ክብረ ወሰኑን ያስመዘገበው ከፍታ ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። እባካችሁ፣ ስለ መሮጫ ሜዳችን ጻፉልን።

አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ወሎ