ፓስፖርት ላይ ያለው ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2025 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን አብዛኛውን ጊዜያዊ ቪዛ በሦስት ወርና በአንድ ጊዜ መግቢያ ከወሰነው ወዲህ፣ በኤች-1ቢ (አሠሪ ለባለሙያ በሚያስፈቅደው ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ) እዚያ ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖቻችን ጥያቄ አንድ ሆኗል፦ «ቪዛዬ ሊቃጠል ነው፤ ሥራ ላቁም?» ግራ መጋባቱ የሚመጣው በአማርኛችን መግቢያውንም መቆያውንም በአንድነት «ቪዛ» ስለምንል ነው። በዜናችሁ ሁለቱን ለይታችሁ ብትጽፉ ብዙ ሰው ታሳርፋላችሁ። ቪዛ የሚያገለግለው በሩ ድረስ ነው። ከገቡ በኋላ እስከ መቼ መቆየት እንደሚቻል የሚናገረው አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። እሱ እስካላለፈና ለተፈቀደለት አሠሪ እስከሠራ ድረስ፣ ቪዛው የተቃጠለበት ሰው ሥራ አያቆምም።

የሚያስፈራው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አይ-94 ሳይታወቅ ማለፉ። ብዙ ጊዜ መንስኤው ፓስፖርት ነው። ቅጥሩ ለሦስት ዓመት ጸድቆ ሳለ ፓስፖርቱ የቀረው 14 ወር ከሆነ፣ የድንበር ሹሙ የመቆያውን ቀን በፓስፖርቱ ማብቂያ ላይ ሊቆርጠው ይችላል። ሠራተኛውም አሠሪውም የማጽደቂያ ወረቀቱን ቀን አምነው ይቀመጣሉ። ኋላ ፓስፖርቱ ቢታደስ እንኳ የተቆረጠው ቀን በራሱ አይመለስም፤ ቀኑ ሳያልፍ አሠሪው ማራዘሚያ ማስገባት አለበት፣ አለዚያ ወጥቶ መመለስ ነው። ለኢትዮጵያዊ ደግሞ መውጣት ማለት ባብዛኛው እንደገና ኤምባሲ ደጅ መጥናት ማለት ነው። ስለዚህ ፓስፖርት የሚታደሰው ከጉዞ በፊት ነው። ከተመለሱ በዚያው ሳምንት የጉምሩክና ድንበር ጥበቃውን ድረ ገጽ ከፍቶ አይ-94ን ማተም ያስፈልጋል፤ ክፍያ የለውም። ስምዎን አስገብተው ካልወጣ፣ የራስዎንና የአያትዎን ስም ቦታ አቀያይረው ይሞክሩ። አገር ውስጥ ሆነው ያራዘሙ ግን አዲሱን አይ-94 የሚያገኙት በአይ-797 ማጽደቂያ ወረቀቱ ግርጌ ነው፤ ድረ ገጹ አሮጌውን ቢያሳይ አይደንግጡ።

ማራዘሚያው (አይ-129) የመቆያው ቀን ከማብቃቱ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ቀኑ ሳያልፍ ኢሚግሬሽን እጅ መድረስ አለበት፤ ፖስታ ቤት የገባበት ቀን አይቆጠርም። በጊዜው ከደረሰ፣ መልስ እስኪመጣ ሠራተኛው ለዚያው አሠሪ እስከ 240 ቀን መሥራት ይችላል። ይህን የማያውቁ የሰው ኃይል ክፍሎች ሠራተኛውን ያለ ደመወዝ ቤት ያስቀምጡታል። ከእነሱ የሚጠበቀው በአይ-9 (አሠሪው የሠራተኛውን የመሥራት መብት በሚያረጋግጥበት) ቅጽ የተጨማሪ መረጃ ሣጥን ውስጥ የ240 ቀን ማራዘሚያ መሆኑንና ማመልከቻው የገባበትን ቀን ጽፈው ደረሰኙን ማያያዝ ብቻ ነው። ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ ግን ሥራው በዚያው ይቆማል።

ቤተሰብ እዚህ ላይ ይረሳል። የአሠሪው ጠበቃ አይ-129 ሲያስገባ ሚስትና ልጆች አብረው አይራዘሙም፤ ለእነሱ አይ-539 የሚባል ሌላ ማመልከቻ አለ። የሦስት ዓመት ሕፃንም የራሱ አይ-94 አለው። በኤች-4 (ለኤች-1ቢ ሠራተኛ ቤተሰብ በሚሰጠው ፈቃድ) የሥራ ካርድ አውጥተው የሚሠሩ የትዳር ጓደኞች ደግሞ ከጥቅምት 30 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማደስ ካመለከቱ፣ ቀድሞ የነበረው የ540 ቀን ቀጥታ ማራዘሚያ ቀርቷል። አዲሱ ካርድ ካልደረሰ አሮጌው ባበቃ ማግስት ሥራ የለም።

ሥራ ያጣ ሰው አገሩ ውስጥ ለመቆየት «60 ቀን አለኝ» ይላል። አይ-94 የቀረው 20 ቀን ከሆነ ያለው 20 ቀን ነው፤ በእነዚህም ቀናት መሥራት አይፈቀድም። አዲስ አሠሪ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማመልከቻ ካስገባለት ግን መጽደቁን ሳይጠብቅ ሥራ መጀመር ይችላል። አሠሪው በኤች-1ቢ ያመጣውን ሠራተኛ ጊዜው ሳይሞላ ካሰናበተ፣ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ተገቢ የጉዞ ወጪ መሸፈን ግዴታው ነው። ብዙዎች ይህን ሳይጠይቁ ቲኬታቸውን በራሳቸው ገንዘብ ቆርጠው ይመለሳሉ። በፈቃዱ ለለቀቀ ሰው ግን ይህ አይሠራም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከስልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ