ፀሐይ በማን ክፍለ ጊዜ ትውጣ? ግልጽ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ጥላ በመለካቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጣትን የሒሳብ መምህርት ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ጉዳይ አደባባይ ለማውጣት አልቸኮልንም። መጀመሪያ ማመልከቻ ጽፈን አስገባን። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። ቆይተን ስንመለስ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልን። የሚመለከተው ክፍል ስንሄድ ደብዳቤው እዚያ አልደረሰም። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት ቀረብን። አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡን፣ ሻይ ጋበዙን፣ «እናሳውቃችኋለን» ብለው ሸኙን። ዓመቱ አልቆ ሌላ ዓመት ገባ። ያሳወቀን የለም።

እንግዲህ የቀረን በር ይሄ ነው። የእርስዎንም ሆነ የክፍለ ከተማውን ስም አልጠራም። የትምህርት ቤታችንንም አልጽፍም፣ ሌላ መምህር ደግሞ በዚህ ሰበብ እንዳይቀጣ። ማስጠንቀቂያው ላይ ያረፈው ፊርማና ማኅተም የማን እንደሆነ ግን እርስዎ ያውቁታል።

እኔ በመካከለኛ ደረጃ የኅብረተሰብ ሳይንስ አስተምራለሁ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የገባ መምህር ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ፕላኔቶች የሚናገረው ምዕራፍ በአጠቃላይ ሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ወደ ማብቂያው ነው የሚመጣው። እዚያ ሲደረስ ክፍለ ጊዜው አልቋል፣ ፈተና ደርሷል። ስለዚህ የስምንቱ ፕላኔቶች ስም ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ልጆቹ ይሸመድዳሉ፣ ምዕራፉም «ተሸፍኗል» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። ቬነስ ከፀሐይ ሁለተኛ መሆኗን በትክክል የመለሰ ልጅ፣ አያቱ ሊነጋጋ ሲል የምታሳየው አጥቢያ ኮከብ እሷው መሆኗን አያውቅም።

በዚህ ላይ የእናንተው ባለሙያ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሥልጠና «የትምህርት ዓይነቶችን አስተሳስራችሁ አስተምሩ» አሉን። ስላይዱ ያምር ነበር። እኛም የዋሆች ነንና ከልባቸው መሰለን። የሳይንስ፣ የሒሳብና የአማርኛ መምህራን ከእኔ ጋር ተቀምጠን የሁለት ሳምንት የጋራ ዕቅድ አወጣን። ርእሰ መምህሩ ፈረሙበት። ሳይንሱ የምድርን መሽከርከርና የዘንግዋን ማዘንበል ይይዛል። ሒሳቡ ጥላን ይለካል። እኔ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና የዘመን አቆጣጠር አስተምራለሁ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ልጆቹ ሽማግሌ ጠይቀው ስለ ጨረቃና ስለ ኮከብ የሰሙትን ይጽፋሉ። ገንዘብ አልጠየቅንም። ያስፈለገን አንድ የመጥረጊያ እንጨት ነበር።

የመለኪያው ቀን መጋቢት 11 ቀን 2017 ነበር፣ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ሰሞን። ባልደረባዬ፣ የሒሳብ መምህርቷ፣ የመጥረጊያ እንጨቱን አንድ ሜትር አድርጋ አስቆረጠችው። ከግንበኛ በተዋስነው ቱምቢ ቀጥ ብሎ መቆሙን አረጋግጣ ግቢው መሃል ተከለችው። ከአምስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት፣ በየአሥር ደቂቃው፣ ልጆቹ የጥላው ጫፍ ያረፈበት ላይ ቆርኪ ያስቀምጣሉ። ወደ መጨረሻ ላይ በየሁለት ደቂቃው ሆነ። ሁሉም ጥላው የሚያጥረው ልክ በስድስት ሰዓት ይሆናል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ስድስት ሰዓት አለፈ። ጥላው ማጠሩን ቀጠለ። በጣም ያጠረው ስድስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ፀሐይዋ አርፍዳለች!» ብላ ጮኸች። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ክቡር ኃላፊ፣ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በአንድ ዓመት ውስጥ ከስንት ክፍል ነው የሚወጣው? መልሱን በማግስቱ እኔ ክፍል ውስጥ ሠራነው። የአገራችን ሰዓት የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። አዲስ አበባ ግን ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ ፀሐይ ከሰዓታችን 25 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። የተረፈችው ጥቂት ደቂቃ የምድር ምህዋር ፍጹም ክብ ካለመሆኑና ዘንግዋ ዘንበል ከማለቱ የምትመጣ ናት፣ ከወቅት ወቅት ትለዋወጣለች። ይህን ልጆቹ ከመጽሐፍ አልገለበጡትም። በቆርኪ ያገኙት ነው።

ጥላው ባጠረበት ሰዓት 16 ሳንቲ ሜትር ነበር። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይህን አሳንሰው ወረቀት ላይ ሣሉት። እንጨቱና የፀሐይ ጨረር የሠሩትን ማዕዘን በፕሮትራክተር ለኩ። 9 ዲግሪ። አትላሱን ገለጥን። አዲስ አበባ፣ 9 ዲግሪ ሰሜን። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያ ሰሞን ፀሐይ በቀትር ልክ ከምድር ወገብ አናት ላይ ስለምትሆን፣ ማዕዘኑ ከምድር ወገብ የራቅንበት ዲግሪ ነው። ከዚያ ባልደረባዬ 360ን ለ9 አካፍሉ አለች፤ 40 መጣ። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለ40 ሲካፈል 1,000 ኪሎ ሜትር። ከቆሙበት ግቢ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት በመጥረጊያ እንጨት አገኙት። የጥንቱ የእስክንድርያ ሊቅ ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ ያሰላው በዚሁ መንገድ ነው። እሱም መነሻ ያደረገው ዓባይ ዳር ያለችውን የአስዋንን ፀሐይ ነበር።

ልጆቹ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አባቱ መስጊድ ውስጥ የሚያሰግዱ ልጅ የዐስር ሶላትም በጥላ እንደሚታወቅ ነገረን። ጥላ የነገሩን ቁመት ሲያክል፣ የቀትሩ ጥላ ሳይቆጠር። ዲያቆን የሆነው ልጅ ደግሞ ባሕረ ሐሳብን፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ቀመር፣ አመጣ። ሰሌዳው ላይ ወጥቶ 5500ና 2017ን ደመረ፣ 7517። ለ19 አካፈለ፣ 12 ቀረ። አንድ ቀነሰ፣ 11። በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው፣ ማለትም ለ30 አካፍሎ ቀሪውን ሲይዝ፣ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 1። ያንኑ 11 በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው መጥቅዕ የሚባለው 29። ሁለቱ ሲደመሩ 30። ባልደረባዬ ጠመኔውን ተቀብላ ለምን ሁልጊዜ 30 ወይም ዜሮ ላይ እንደሚያርፍ አሳየቻቸው። 11ና 19 ሲደመሩ 30 ናቸዋ! ጨረቃ በ19 ዓመት ከፀሐይ ጋር ሒሳቧን እንደምታወራርድ የሳይንሱ መምህር ቀጠለበት። በሒሳብ ከግማሽ በላይ አምጥቶ የማያውቅ ልጅ ነው ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ሆኖ ሌሎቹን ያስተማረው።

አሁን ወደ እርስዎ ሱፐርቫይዘር ልምጣ። ሰውየው የመጡት በመለኪያው ቀን ነው። ክፍሉ ባዶ ሆኖባቸው ወደ ግቢው ወጡ። ፀሐዩ ከረር ብሎ ስለነበር ዛፍ ሥር ተጠለሉ። ጥላ ሥር ቆመው ስለ ጥላ የክስ ወረቀት ጻፉ ማለት ነው። አንድም ልጅ አልጠየቁም። ዕቅዱን አላዩም፣ ርእሰ መምህሩ ሊያሳዩዋቸው ይዘው ቢመጡም። ቼክሊስታቸውን ሞልተው ሄዱ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ባልደረባዬ «ከትምህርት ዓይነቷ ውጪ በማስተማር» እና «ክፍለ ጊዜ በማባከን» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። የሥራ አፈጻጸም ውጤቷም ዝቅ ተደረገ። ወደ ከፍተኛ መምህር ደረጃ ለማደግ ጊዜዋን ጠብቃ የደረሰች መምህርት በዚህ ምክንያት ቀረች። በዚህ ኑሮ የደረጃ እድገት ለመምህር ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም። እርስዎም መምህር ነበሩ።

የሚገርመው፣ አብሯት ግቢው ውስጥ ቆሞ ለነበረው የሳይንስ መምህር ምንም አልተጻፈበትም። ፀሐይ የሱ ናታ! እኔም አልተጠየቅሁም። ጥፋት ከነበረ አራታችንም አጥፍተናል። ይህን በጽሑፍ አመልክተን፣ «እኛንም ቅጡን» ብለን ፈርመናል። እሱም ወረቀት የት እንደገባ አላውቅም።

ደግሞ እስቲ ይንገሩኝ፣ ጥላ መለካት የሒሳብ ትምህርት ካልሆነ የሒሳብ ትምህርት ምንድን ነው? ርዝመት አለው። ምጥጥን አለው። ማዕዘን አለው። ማካፈል አለው። መምህርቷ እነዚህን ሰሌዳ ላይ ጽፋ፣ በሩን ዘግታ፣ ልጆቹ እያንቀላፉ ብታስተምር ኖሮ «በጣም ጥሩ» ታገኝ ነበር። መመሪያውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። መምህር በአካባቢው ባለ ነገር መርጃ እያዘጋጀ እንዲያስተምር የሚጠየቀው እዚያው የምዘና ቅጹ ላይ ነው። እናንተ ግን ትምህርትን እንደ ጉሊት መደብ ሸንሽናችሁ አንዱ የሌላው መደብ ላይ እንዳይቀመጥ ትጠብቃላችሁ።

በቃል የተሰጠን መልስ ደግሞ «ፈተና ላይ አይመጣም» የሚል ነው። ኬክሮስ ይመጣል። ምጥጥን ይመጣል። ካልመጣም አይምጣ።

ከደብዳቤው በኋላ የሆነውን ልንገርዎ። ዕቅዳችን በመጋቢት የሚያበቃ አልነበረም። እኛ ያለንበት ቦታ የታደለ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። ለአዲስ አበባ አንዱ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ሌላው ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ክረምቱ ላይ። ሚያዝያ ላይ ያ የአንድ ሜትር እንጨት በቀትር ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ መውደቅ ይጀምራል፣ ሰኔ 14 ገደማ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። አውሮፓ ያለ ተማሪ ይህን በአገሩ ሊያየው አይችልም። የኛ ልጆች ይችሉ ነበር። አላዩትም። ሚያዝያ መጥቶ ጥላው ሲጠፋ ሁሉም ክፍል ውስጥ ሆነው ስለ ምጥጥን ከሰሌዳ ይገለብጡ ነበር። ባልደረባዬን ማን ይፈርድባታል? ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ አያስፈልጋትም።

ከግቢያችን ቀና ሲሉ የእንጦጦ ተራራ ይታያል። እዚያ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 አገራችን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ወደ ሕዋ አስወነጨፈች። ያን ቀን እናንተም እኛም ደስ ብሎን ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን ደግሞ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታየች። ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ዝግ ስለነበር ልጆቹ አስረጂ አልነበራቸውም። ቀጣዩ ትልቅ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ነው። ሙሉ ግርዶሹ በግብጽ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል ያልፋል፣ ለኛ በከፊል ይታያል። ያኔም ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ክረምት ነውና። በከፊል የተሸፈነች ፀሐይን በባዶ ዓይን ያየ ልጅ የዓይኑን ብርሃን ሊያጣ ይችላል። ይህን ከአሁኑ የሚነግረው ማነው? ምዕራፉ «ያልተሸፈነበት» የሳይንስ መምህር ብቻ ነው? የሒሳብ መምህርቷ ብትናገርስ ሌላ ደብዳቤ ይጻፍባታል?

አዲስ ነገር እንድትሠሩልን አልጠየቅንም። ቴሌስኮፕ አልጠየቅንም። በጀት አልጠየቅንም። በርእሰ መምህር የተፈረመ የጋራ ዕቅድ ይዞ ከክፍል የወጣ መምህር በዚያ ምክንያት እንደማይጠየቅ አንድ መስመር ጽፋችሁ ለሱፐርቫይዘሮቻችሁ በትኑ። ይኼው ነው። የባልደረባዬ ማስጠንቀቂያ ከማኅደሯ ይውጣ። የአፈጻጸም ውጤቷ ይስተካከል። የደረጃ እድገቷ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ይታሰብላት። መልሱን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቁጥርና ቀን ባለው ደብዳቤ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር

ግልባጭ
ለትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር (ዕቅዱን የፈረሙት እሳቸው ስለሆኑ)
ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ (ስለ ሻይው እናመሰግናለን)
ለመዝገብ ቤት (የቀድሞዎቹ ስላልተገኙ)