ምርጫና የዱቤ ደብተሬ

ሐዋሳ፣ አቶቴ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ «በርበሬው ሳይነቅዝ ትጨርሰው» ብላለች።

ባለፈው የጠየቅሽኝን በስልክ ልመልስልሽ ስሞክር ኔትወርኩ ሦስቴ ቆረጠን። ስለዚህ ወረቀት ያዝኩ። ዛሬ ባለሱቅ ብሆንም የድሮ አስተማሪ ነኝና ስጽፍ ይቀናኛል። «አባዬ፣ ሰው የሚመርጠው በኪሱ ነው ወይስ በወገኑ?» ነበር ያልሽው። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ እንደሆነ ገብቶኛል። የመምህሩን መልስ ወደ ኋላ ላቆየውና የባለሱቁን ላስቀድም።

የዱቤ ደብተሬን ታውቂዋለሽ። ጠርዙ በዘይት የወዛው፣ በላስቲክ የታሰረው። ለአንድ ቤት አንድ ገጽ ነው። የአንዱን ደንበኛዬን ገጽ ብትገልጪ መጀመሪያ ላይ «ዘይት 5 ሊትር» ይላል። ወረድ ብሎ «1 ሊትር»። ከዚያ «ግማሽ»። አሁን ደግሞ ትንሹ ልጁ ባዶ ሃይላንድ ይዞ ይመጣና «ጋሼ፣ የ50 ብር ይቅዱልኝ» ይለኛል። ሰውየው ሥራ አልለቀቀም። ደመወዙም አልተቀነሰም። የተቀየረው ሃይላንዱ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ዶላር በእጁ ነክቶ የማያውቅ የሰፈራችን ሰው ሁሉ በዚያ ሰሞን የምንዛሪ ባለሙያ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዜና «ግሽበት ቀነሰ» ሲባል ደንበኞቼ ይስቃሉ። ዜናው ውሸት ሆኖ አይደለም። ቆሜ አስረዳቸዋለሁ፦ ቀነሰ ማለት ዋጋው ወረደ ማለት ሳይሆን የሚጨምርበት ፍጥነት ረገበ ማለት ነው። አንዲት እናት በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ «እና ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣው እንጂ መቼ ወረደልኝ?» አሉኝ። ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ አሳጥሬ ያስረዳሁት ነገር ትዝ አይለኝም።

ብዙ መንግሥታት የሚወድቁት እዚህች ላይ ይመስለኛል። ባለሥልጣኑ የሚያየው ፍጥነቱን ነው። መራጩ የሚያስታውሰው ግን የድሮውን ዋጋ ነው።

ጋናን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ግሽበቱ 54 በመቶ ደርሶ ነበር። አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈልም አቁማ ነበር። ምርጫው በታኅሣሥ 2024 ሲደርስ ግሽበቱ ወደ 23 በመቶ ግድም ወርዷል። ወረቀት ላይ ትልቅ ለውጥ ነው። ገዥው ፓርቲ ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት ያቀረበው ማንን መሰለሽ? ምክትል ፕሬዚዳንቱን ማሃሙዱ ባውሚያን፣ የማዕከላዊ ባንክ ምክትል ገዥ የነበረ የኢኮኖሚ ምሁር። ተሸነፈ። ውጤቱ በይፋ ሳይነገር በፊት ራሱ ደውሎ ለአሸናፊው እንኳን ደስ አለህ አለ፤ ይኼን ጨዋነት ወድጄለታለሁ።

ነገሩን የሚያጣፍጠው ያሸነፈው ሰው ማንነት ነው። ጆን ማሃማ ቀድሞ ፕሬዚዳንት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2016 መራጩ ያባረረው ኑሮ ስለከበደና መብራት እየሄደ ስላስቸገረ ነበር። ጋናዎች ለመብራቱ «ዱምሶር» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ ጠፋ፣ በራ እንደማለት ነው። በ2020 ተወዳድሮ እንደገና ተሸነፈ። በ2024 ያው ሰው፣ በዚያው ሕዝብ፣ ከ56 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ ተመለሰ። ሰዉ ፍቅር ይዞት ነው ትያለሽ? እኔ አይመስለኝም። ወንበሩ ላይ ባለው ተማርሮ ነው።

አሜሪካም ከዚህ አላመለጠችም። ፕሬዚዳንት የነበረው ትልቁ ቡሽ፣ አባትየው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት እንዳበቃ የሕዝብ ድጋፉ 89 በመቶ ነበር። የኢኮኖሚ ድቀቱም በዚያው ዓመት መጋቢት አብቅቷል ይላሉ መዝጋቢዎቹ። ሥራ አጥነቱ ግን በ1992 አጋማሽ 7.8 በመቶ ደረሰ፤ በኅዳር ቡሽ ተሸነፈ። ሕንድ፣ ደልሂ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በክልሉ ምርጫ የገዥውን ፓርቲ ወንበር ያስለቀቀው የሽንኩርት ዋጋ ነው ይባላል። ሽንኩርት ትሸጪ የነበርሽ እናቴ፣ ነፍስሽን ይማረው፣ ምን ያህል ሥልጣን በእጅሽ እንደነበር ሳታውቂ አለፍሽ።

ለእኛ ግን ቅርቡ የራሳችን የካቲት 1966 ነው። ያን ጊዜ ምርጫ የሚባል ነገር መንግሥት አይቀይርም። አጎቴ ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄዶ ታክሲ አጥቶ ከመርካቶ አራት ኪሎ በእግሩ መሄዱን እስኪሞት ያወራ ነበር። ነዳጅ ጨምሮ ባለታክሲዎች አድማ መትተው ነው። መምህራኑም በዚያው ሰሞን ሥራ አቁመዋል። ቀደም ብሎ በጥር ነገሌ ቦረና ወታደሩ በምግብና በውሃ ጉዳይ አምጿል። ወሎ በረሃብ አልቋል። የካቲት ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ካቢኔ ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። አስቢው፤ ነዳጁን ያስወደደው የዓረቦችና የእስራኤል ጦርነት ነበር። ባለታክሲው ግን ካይሮ ሄዶ አይጮኽም። የሚጮኸው ሊሰማው ለሚችለው፣ አጠገቡ ላለው ነው።

ጥፋተኛውን መለየት እንዲህ ከባድ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርካችን በ2008 ሲመረቅ ሰፈሩ ሁሉ የሚከራይ ክፍል ሠራ። በ2014 አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ሰበብ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ ስታስወጣ ከሥራ የተቀነሱ ልጆች የዱቤ ገጽ ደብተሬ ላይ አለ፤ አንዳንዷ ሳትከፍለኝ ወደ አገሯ ተመለሰች። አልፈርድባትም። ይቺ ልጅ ድምፅ ብትሰጥ በማን ላይ ትፍረድ? ዋሽንግተን ላይ? ጦርነቱን በጀመረው? ፋብሪካው ላይ? አንቺ በመጠይቅሽ «ተጠያቂው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ካላስገባሽ ግማሹ ነገር ያመልጥሻል።

አሁን ደግሞ ራሴን ልቃወም። ኅዳር 10 ቀን 2012 በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ የሆነውን በዓይንሽ አይተሻል። ጎህ ሳይቀድ ሰልፉ ከሱቃችን በር አልፎ እስከ አስፋልቱ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክት፦ ክልል ይሁን ለሚል ሻፌታ፣ በደቡብ ክልል ይቆይ ለሚል ጎጆ። ሲዳማ ክልል ይሁን ያለው 98.5 በመቶ ሆነ። በዚያ ቀን ሱቄ መጥቶ የዘይት ዋጋ ያነሳ ሰው አልነበረም። ኪስ የት ገባ? አልኩ። ከሰልፍ የተመለሰ አንድ ጎልማሳ ሻይ ቅጠል እየገዛ «በጀቱ እኛ ዘንድ ሲሆን ልጄ ሥራ ያገኛል» አለኝ። ኪስና ወገን ሁለት ሰው እንዳልሆኑ ያኔ ገባኝ። ሰው ስለ እንጀራው ሲያስብ ብቻውን አያስብም፤ ከነዘመዱ፣ ከነቋንቋው ነው። ሲከፋው የሚያነሳሳው ኪሱ ነው። ተነስቶ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚወስንለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወገኑ ነው። መልሴ ይኸው ነው፤ ጽሑፍሽ ላይ ስታሰፍሪው እንደፈለግሽ አሳምሪው።

አንቶኒ ዳውንስ የሚባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበውን ሐሳብ ክፍል ውስጥ ሳትሰሚው አትቀሪም። የአንድ ሰው ድምፅ ውጤት ስለማይቀይር ፖሊሲ ለማጥናት ጊዜ አለማባከኑ ብልህነት ነው ይላል። ስሌቱ ትክክል ነው። ግን የእኔ ደንበኞች ፖሊሲ ባያነቡም አላዋቂ አይደሉም። የስንዴ፣ የትራንስፖርት፣ የቤት ኪራይ ዋጋ ከሦስት ዓመት ወደ ኋላ ቆጥረው ይነግሩሻል። ፖሊሲው ሱቄ በር ላይ ሲደርስ ያነቡታል።

ስለዚህ መጠይቅሽ ላይ «ኢኮኖሚው ተሻሽሏል ወይስ ተባብሷል?» የሚለውን ሰርዢው። ሰው የቴሌቪዥን መልስ ነው የሚሰጥሽ፤ ደግሞም መዝጋቢ ሲያይ ይፈራል። «ባለፈው ዓመት ትገዙት የነበረ፣ ዘንድሮ የተዋችሁት ምንድነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ዝም በይ። ወሬው ራሱ ይመጣል።

ለፋሲካ ስትመጪ ሱቁ ውስጥ ሁለት ቀን ቁጭ በይና ደብተሩን እይው። ስሞቹን ግን አንድ በአንድ ወረቀት ለጥፌ ሸፍኜ ነው የምሰጥሽ። የአንዳንዱ ገጽ ላይ የእናትሽ ዘመዶች አሉበት።

አባትሽ