አቻ ገምጋሚዎች ጤና ጣቢያም ይምጡ

ክቡር አዘጋጅ፣

የከፍተኛ ትምህርት ጥራት በተነሳ ቁጥር ወሬያችን ሁሉ ስለ መውጫ ፈተና ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የግልም የመንግሥትም ተመራቂ የሚቀመጥበት ይህ ፈተና ተማሪው ምን እንደሚያውቅ ይለካል እንበል። ተቋሙ እንዴት እንዳስተማረው ግን አይናገርም። ያንን ግቢው ድረስ ዘልቀው የሚያዩት አቻ ገምጋሚዎች፣ ማለትም ከሌሎች ተቋማት የሚመጡ የዘርፉ መምህራን፣ ናቸው።

በአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ እኛ ይላካሉ። የአንዱን ቡድን የቤት ለቤት ጥናት ቅጾች ሳገላብጥ በቀበሌው ያለው ቤት ሁሉ መጸዳጃ አለው፤ እጅ መታጠቢያም አለው። ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅጽ የአንድ ሰው እጅ ነው። በዚያው ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገብ ላይ ግን ሜዳ ላይ የሚጸዳዱ አባወራዎች በስም ተዘርዝረዋል። መምህሩ አንድም ቀን ብቅ ሳይል ፊርማው በየቅጹ ግርጌ አርፏል።

ተቋሙ እውቅና አለው። ገምጋሚዎችም ሄደውበታል፤ የራስ ግምገማ ሰነዱን አንብበዋል፣ የመምህራኑን የትምህርት ማስረጃ፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ ሙከራውን አይተዋል። ወደ እኛ ግን ማንም አልመጣም፤ ስልክም አልደወለም። ገምጋሚዎቹን አልወቅስም። የራሳቸውን ክፍል ትተው የሚመጡ መምህራን ናቸው፤ ጊዜያቸው አጭር፣ የሚቀርብላቸው ወረቀት ብዙ ነው። ነገር ግን የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ዋናው ቤተ ሙከራ ቀበሌው ነው። እሱ ካልታየ ምኑ ታየ?

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ስንቱን ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ነበር ያስተማረው። ጅማም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ስሙን ያስጠራበት ነው። የሙያው መሠረት እዚያ ከሆነ ግምገማውም እዚያው መድረስ አለበት።

በአሜሪካ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቶችን እውቅና የሚሰጠው ምክር ቤት በሚልከው ቡድን ውስጥ ከመምህራን ጋር በሥራ ላይ ያለ የጤና ባለሙያ ያካትታል። ቡድኑ ከተማሪዎች፣ ከተመራቂዎችና ተማሪ ተቀብለው ከሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ጋር ይነጋገራል። ውሳኔውን የሚሰጠው ምክር ቤቱ ነው፤ ቡድኑ ያየውን ይጽፋል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶችም ሪፖርቱን በድረ ገጻቸው ላይ ያወጡታል።

በአገራችን ለተቋማት እውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም በገምጋሚ ቡድኑ ውስጥ ከወረዳ ወይም ከዞን ጤና መሥሪያ ቤት ቢያንስ አንድ ባለሙያ ቢጨምር ብዙ ነገር ይለወጣል። የአገራችን የዘርፉ መምህራን አብዛኞቹ ይተዋወቃሉ፤ አብረው የተማሩ፣ አንዱ ሌላውን ያስተማረ ብዙ ነው። በጓደኛ ተቋም ላይ «ይህ ጎድሏል» ብሎ መጻፍ ይሉኝታ አለበት። ተመራቂውን ተቀብሎ የሚያሠራው ባለሙያ ግን ጉድለቱን በየቀኑ ያየዋል። ሪፖርቱ ለሕዝብ ቢወጣ ደግሞ ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅ አንብቦ ይመርጣል።

ሰነዱ ይነበብ፣ መጽሐፉም ይቆጠር። አንዱን ቀን ግን ለልምምድ ቦታው ይስጡት፤ ተቋሙ ቦታውን ሳይመርጥና አስቀድሞ ሳይሰማ ቢሆን ይሻላል። ገምጋሚው አንድ ተመራቂ ተማሪ ይዞ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የወባ መከታተያ ገበታ ፊት ይቁም። የዚህ ሳምንት ቁጥር ካለፉት ዓመታት መስመር በላይ ነው ወይስ በታች? በላይ ከሆነ ዛሬውኑ ለማን ሪፖርት ይደረጋል? ነገ ጠዋት የሚኬደውስ ወደ የትኛው ጎጥ ነው? መልሱን እዚያው ይመዝግብ። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ይጠይቃት፤ ተማሪዎቹ በእርግጥ ቤት ለቤት መሄድ አለመሄዳቸውን ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወረዳ ጤና ባለሙያ